አሞራው ከመቶ ኪሎ በታች

ጎረቤቴ ክሬን ነጂ ነው። ሰፈሩ «አሞራው» ይለዋል፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰው ራስ በላይ ተቀምጦ ስለኖረ ነው። አካሉ ግን ከቅጽል ስሙ ጋር ተኳርፎ ቆይቷል። ባለፈው ዓመት መቶ ሃያ ሰባት ኪሎ ገብቶ ነበር፤ እንዲህ ያለ አሞራ የሚችል ቅርንጫፍ መኖሩን እንጃ። ይህን ደግሞ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፤ ከኋላው አላማሁትም።

እኔ ምስማር፣ ሽቦ፣ ማጠፊያና ቁልፍ እሸጣለሁ። ሱቄ እነ አሞራው ከሚኖሩበት ፎቅ ሥር ነው። ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል ውስጥ የአሞራው ሚስት የሰው ልብስ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። በመሃላችን ያለው ግድግዳ ስስ ስለሆነ እሷ ካውያዋን ጠረጴዛው ላይ ባሳረፈች ቁጥር እኔ ጋ ያሉት ብሎኖች ይንጫጫሉ። ስለ ሰው ቤት ይህን ሁሉ ከየት አወቀው እንዳትሉኝ፤ ጥፋቱ የግድግዳው ነው።

ነገሩ የጀመረው አሞራው የሚሠራበት ድርጅት አዲስ የደህንነት ኃላፊ የቀጠረ ጊዜ ነው። ሴትዮዋ የተጻፈ ነገር ሳታነብ የማታልፍ ሰው ናት። መሰላሉን ሲወጡ የሚታጠቁት የደህንነት ቀበቶ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን አነበበች። «እስከ መቶ ኪሎ» ይላል። አሞራው ራሱ ጽሑፉን አይቶት አያውቅም፤ ሲታጠቀው ሆዱ ሥር ይውላል። ሴትዮዋ ሚዛን አስመጣች፣ ሠራተኛውን በሙሉ መዘነች፣ አሞራውንም ከሰማይ አወረደችው።

«ከመቶ በታች ሲሆኑ ይመለሱ» አለችው።

እስከዚያው ሥራው መሬት ላይ ቆሞ፣ በእጁና በመገናኛ ሬዲዮ፣ ላይ ለተቀመጠው ሌላ ሰው ምልክት መስጠት ሆነ። ግራ፣ ቀኝ፣ ቀስ፣ ቁም። ደመወዙ አልተነካም፤ ፊቱ ግን ተነካ። አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ ቆሞ አንገቱን አቀርቅሮ ሳየው ላጫውተው ብዬ፣

«እዚያ ላይ ያለው ወንበር አይደል እንዴ? ወንበርማ እኔም ጋ ሞልቷል» አልኩት።

«ያንተ ወንበር አይወዛወዝም» አለኝ። «ነፋስ ሲነሳ ካቢኑ እንደ ሕፃን አልጋ ነው። ማንም አይጮህብህም። ሁለት ቶን ብረት አንስቼ፣ ታች በጠመኔ የተሰመረች መስመር ላይ እንደ እንቁላል አሳርፋለሁ። በሁለት ጣቴ! እዚህ ታች ግን ምንድን ነኝ? እጁን የሚያወናጭፍ ወፍራም ሰውዬ።»

በርጩማ ሳብኩለት።

እንዲህ ተኮራምቶ ስድስት ወር አለፈ። ከዚያ ወሬ መጣ። ድርጅቱ ሰማንያ ሜትር የሚሆን አዲስ ክሬን ሊተክል ነው፤ ከስምንት ወር በኋላ ነጂ ይመረጥለታል፤ የተመረጠው ሰው ሕንጻው እስኪያልቅ አራት ዓመት ይቀመጥበታል። አሞራው ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ማንም እንደማያወጣው እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። የደህንነት ኃላፊዋ ቀኑን ቆርጣ ነገረችው፤ በዚያ ቀን ሚዛኑ ከመቶ በታች ካለ ክሬኑ የእርስዎ ነው፣ ካላለ እስከ ጡረታ መሬት ላይ።

በማግሥቱ ከቤታቸው የሚወጣው ሽታ ተለወጠ። ቁርሱ አንድ እንቁላልና ኀዘን ሆነ። ምሳው ጎመን፣ እራቱ ደግሞ ስለ ጎመን ማሰብ ነበር። ጠዋት ጠዋት ደረጃውን ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ አምስት ጊዜ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስተኛ ፎቅ ያለችው መበለት በሯን ከፍታ «ዕቃ የምታስገቡ ሰዎች፣ ግድግዳውን እንዳትነኩ!» ብላ ጮኸችበት።

የቤታቸው ሚዛን መቶ ሃያ ላይ ስለምታልቅ አልጠቀመችውም። መርፌዋ ዳር ሄዳ ተሸጉጣ መንቀሳቀስ አቆመች። ስለዚህ ወደ እኔ መጣ። እኔ ጋ ሰው የሚያህል ከረጢት የምመዝንበት ትልቅ ሚዛን አለኝ፤ ዘንጉ ላይ ብረት እየገፉ የሚያነቡት፣ ከአባቴ የወረስኩት።

«ይቺ አትዋሽም» አለኝ ሲወጣባት።

«ዋሽታ አታውቅም» አልኩት፣ በኩራት።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው፣ ሱቁን ለገበያ ከመክፈቴ በፊት ይመጣል። ጫማውን ያወልቃል፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ያኖራል፣ ትንፋሹን ይውጣል። ትንፋሽ ክብደት የለውም ብለው አይሰማኝም። ልጁም አብራው ትመጣና ቁጥሩን በደብተር ትይዛለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ከእናቷ ካውያ ባላነሰ ይተኩሳል።

ነገር ያመጣችው እሷው ናት። «ሰው የሚጠብቀው ነገር ካለው ይበረታል» ብላ አንድ ትልቅ ወረቀት የቤታቸው ማቀዝቀዣ ላይ ለጠፈች። ርእሱ «አባዬ ከመቶ በታች ሲሆን» ይላል። ሁላችንም አንዳንድ ነገር መጻፍ ነበረብን። ምግብ መጻፍ ክልክል ነው። እሷ የጻፈችው በመዝናኛ ቦታ ያለውን የሚሽከረከር ወንበር ነው። ትንሽ ልጅ ሳለች አብረው ሊወጡ ተሰልፈው፣ ተራቸው ሲደርስ የወንበሩ ማገጃ ብረት በሱ ሆድ ላይ አልዘጋ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እያየ ወርደው ነበር። እኔ የጻፍኩት «ሦስተኛ በርጩማ ላለመግዛት» ነው፤ ሁለቱን ሰብሮብኛል። አሞራው ብዕሩን ተቀብሎ አንድ ቃል ብቻ ጻፈ። «ላይ።»

«እማዬስ?» አለች ልጅቱ።

ሚስቱ እጇን በፎጣ እየጠረገች ወረቀቱን አየችው። «የኔ አይቸኩልም። ሲደርስ እናገራለሁ።»

«ወርቅ ልታስገዛህ ነው ወንድሜ፣ ተዘጋጅ» አልኩት። ሁላችንም ሳቅን። እሷም ሳቀች፣ ግን ቶሎ ወደ ውስጥ ገባች።

በአምስት ወር መቶ ስምንት ገባ። የአንገቱ ሽንሽን ጠፋ፣ ጉልበቱን ጎንበስ ብሎ ማየት ጀመረ፣ «እንዴት ከርመሃል» ብሎ ሰላም አለው። ከዚያ ግን ሚዛኑ ቀጥ አለ። አንድ ቅዳሜ መቶ ስምንት፣ በሚቀጥለው መቶ ስምንት፣ አምስት ቅዳሜ ሙሉ መቶ ስምንት። ሰውዬው ጎመን በልቶ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ ተርቦ አድሮ ይመጣል፤ ዘንጉ ፍንክች አይልም። በስድስተኛው ቅዳሜ ሲመጣ ፊቱን ሳይ አንጀቴን በላው። ልጅቱም አልቀለደችም።

ወጣ። ብረቱን ገፋሁ፣ አልተስተካከለም፤ ወደ ኋላ መለስኩት፣ አሁንም መለስኩት።

«መቶ አራት ተኩል!»

«አትቀልድ» አለኝ።

«በአባቴ ሚዛን ልቀልድ?»

ልጅቱ እየጮኸች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱ ከጃኬት ኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ሰጠኝ፤ ክሬም ያለበት ኬክ ነው። «አንተ ብላው» አለኝ። ለምን ኪሱ ውስጥ እንደነበረ አልጠየቅኩም። ኬክ ሲሰጠኝ ጥያቄ የማበዛ ሰው አይደለሁም።

ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። ደረጃውን በሁለት በሁለት መርገጥ ጀመረ፣ ጎመኑን እያፏጨ በላ። መቶ ሦስት፣ መቶ ሁለት፣ መቶ አንድ። የድርጅቱ ሚዛን ሊደርስ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዘንጉ ዘጠና ዘጠኝ ተኩል ላይ ተኛ። እንዴት እንደጮኽን አልነግራችሁም። መበለቲቱ እንኳ ከሦስተኛ ፎቅ ወርዳ ሳመችው። እሱ በዚያው ዕለት አዲስ ቦት ጫማ ገዛ፤ ለፎርማኑም ደውሎ «የወንበሬን አቧራ ጥረጉልኝ» አለው።

ሰኞ ጠዋት ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ደንበኛ የለም። የሰው ደስታ ይጋባል መሰለኝ፣ እስቲ እኔስ ብዬ የምስማሩን ትሪ አንስቼ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ሰባ አንድ! ባለፈው ወር ሐኪም ቤት ሰባ አራት ብለውኛል። ያለ ምንም ጎመን፣ ያለ ምንም ደረጃ ሦስት ኪሎ! የሰርጌን ሱሪ አውጥቼ ለባለቤቴ ሳሳያት ታየኝ። ከሚዛኑ ሳልወርድ በፈገግታ ዙሪያዬን ሳማትር ዐይኔ ዘንጉ ጫፍ ላይ አረፈ፤ ያን ጊዜ ወሽመጤ ተቆረጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምስማር የምመዝንበት የብረት ትሪ ሦስት ኪሎ ይመዝናል። ደንበኛ የትሪውን ክብደት እንደ ምስማር አድርጎ እንዳይገዛ፣ ዘንጉ ጫፍ ላይ አንዲት ክብ ብረት አንጠለጥላለሁ፤ እሷ ሦስቱን ኪሎ ታወርዳለች። ትሪው ሲነሳ ብረቷም መነሳት አለባት። በፊት ትሪውንም ብረቷንም የማወጣቸው ምስማር ሲገዛ ብቻ ነበር። በዚያ በስድስተኛው ቅዳሜ ሳምንት ግን አንድ ሥራ ተቋራጭ በየቀኑ ምስማር ማስጫን ስለጀመረ እዚያው ተውኳቸው። አሞራው ሲመጣ ትሪውን አነሳለሁ። ብረቷን እረሳለሁ። በየቅዳሜው እረሳኋት። እነዚያ በአንድ ሳምንት ረገፉ ያልናቸው ሦስት ኪሎዎች አልረገፉም፤ ዘንጌ ላይ ተንጠልጥለው ነበር። ዘጠና ዘጠኝ ተኩል ያልኩት ሰው መቶ ሁለት ተኩል ነው። ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ቦት ጫማም ገዝቷል።

ለሱ የምነግርበት አንደበት አጣሁ። ቀጥሎ ወዳለው ክፍል፣ ወደ ሚስቱ ሄድኩ። ነጭ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ካውያውን አስቀምጪው።»

«ጆሮዬን አይደል የምትፈልገው? እጄን ተወው፣ ሥራ ላይ ነው።»

ነገርኳት። አንዴ በተኮሰችው እጅጌ ላይ ካውያውን መልሳ አስኬደችው፣ እንደገናም መለሰችው።

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«እኔና አንቺ ብቻ።»

«በል እንግዲያው አትንገረው።»

«እንዳይደነግጥ ማሰብሽ ደግ ነው፣ ግን እኮ ይወድቃል።»

«እንዳይደነግጥ አይደለም» አለችኝ፣ ዐይኔን ሳታይ። «ይውደቅ ብዬ ነው።»

እሷ ካውያዋን አቆመችውና ፊቷን ወደ እኔ መለሰች።

«እናንተ ሁላችሁ ክሬኑን ነው የምታዩት። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ያየሁት ገመድ ነው። ክሬን ነጂ ለምሳ አይወርድም፤ ምሳውን ይዤ እሄዳለሁ፣ ገመድ ይለቅልኛል፣ አስራለሁ፣ ይስበዋል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባዶው ዕቃ ይወርዳል። ጨው በዝቶበት እንደሆነ፣ ራሱን አሞት እንደሆነ፣ ተናዶ እንደሆነ ከባዶ ዕቃ ምን አውቃለሁ? አሟጦ መብላቱን ሳይ ደስ ይለኛል፣ በማግሥቱ እጨምርለታለሁ። እኔ ነኝ ያወፈርኩት! ሌላ የምሰጠው ነገር በገመድ አይወጣማ።»

«አንቺ ደግሞ...»

«ቆይ፣ ልጨርስ። እነዚህን አሥራ አራት ወራት ግን እዚያ ተቀምጦ ይበላል።» ከመተኮሻው ጠረጴዛ ጀርባ ያለችውን ወንበር በአገጯ አሳየችኝ። «ጎመኑን እያማረረ ይበላል፣ ያወራል። ይህን ያህል ወሬኛ መሆኑን መች አውቄ! ልጅቱ 'የምትጠብቂውን ጻፊ' ስትለኝ ምን ልጻፍ? 'አባትሽ እንዳይሳካለት' ብዬ ልጻፍ?»

እኔ ክፍሏ ገብቼ የራሴን ኃጢአት ላራግፍ ስል የሷን ተሸክሜ ወጣሁ። ሱቄ ገብቼ ምስማር መደርደር ጀመርኩ፤ ትልልቁን ከትንንሹ ጋር እየደባለቅኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ አሞራው ለምሳ መጣ። በግድግዳው በኩል ድምፁ ይሰማኛል፤ ስለ አዲሱ ክሬን ካቢን ያወራል። ኋላ እንደነገረችኝ ማንኪያውን እንደ መሪ ይዞ፣ እንዴት እንደሚዞር፣ እንዴት እንደሚቆም እያሳያት ነበር። ወሬው በድንገት ተቋረጠ። የሷ ድምፅ መጣ፣ ዝቅ ብሎ። ከዚያ ወንበር ተገፋ።

ሁለቱም ሱቄ በር ላይ ቆሙ። እሱ ምንም ሳይለኝ ትሪውን አነሳ፣ ብረቷን ከዘንጉ ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ወረወራት፣ ጫማውን አውልቆ ወጣ። እኔም ብረቱን ገፋሁ።

«መቶ ሁለት ተኩል» አልኩ።

«ለምስማር ደንበኛ ግራም ትቆጥራለህ፤ ለእኔ ሲሆን ሦስት ኪሎ ትረሳለህ!»

«ይቅርታ አድርግልኝ፣ ወንድሜ።»

«ዝም በል! እንዲህ ስትል ደግሞ ሳልወድ ታሳዝነኛለህ።»

ጫማውን በእጁ እንደያዘ ወጣ። ሚስቱ ወደ ኋላ ቀረት አለች። «ሁሉንም ነገርኩት» አለችኝ። «ይውደቅ ማለቴንም ጭምር። ማንኪያውን ይዞ እንደዚያ ሲያወራ፣ እያወቅኩ አብሬው መዋጥ አቃተኝ።»

«ምን አለ?»

«ምንም። ጎመኑን ጨረሰ።»

ሦስት ቀን ሰላም አላለኝም። በሱቄ ፊት ሲያልፍ አንገቱን ወደ ማዶ ያዞራል፤ ማዶ ደግሞ ያለው ባዶ ግንብ ነው። እኔንም ምግብ አልበላ አለኝ፤ ባለቤቴ «አንተ ለማን ብለህ ነው የምትከሳው?» እያለች አላገጠችብኝ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ሰማሁት። አሥር ጊዜ። ከዚያ በላብ ተጠምቆ ሱቄ ገባና በርጩማ ሳበ።

«ያቺን ኬክ ታስታውሳለህ?»

«በልቻታለሁ» አልኩ፣ ሌላ ክስ የመጣብኝ መስሎኝ።

«የዚያን ቀን ልተወው ነበር። አምስት ሳምንት መቶ ስምንት! 'ዛሬም ካልቀነሰ በሩ ላይ እበላታለሁ፣ ከዚያ በቃኝ' ብዬ ነው የገዛኋት። ያንተ ውሸት ባይኖር መቶ ሠላሳ ገብቼ ነበር አሁን።» ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። «ስለዚህ አልማርኩህም፤ ግን ሚዛንህን አውጣ።»

«እሷስ? ተቀይመሃታል?»

«ያለችው ትዝ ባለኝ ቁጥር እናደዳለሁ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ይረሳኛል።»

የቀሩትን ቀናት ማን እንዳሳለፋቸው ልንገራችሁ፤ ይውደቅ ያለችው ሴት ናት። ጠዋት ከሱ ቀድማ ተነስታ ደረጃው ሥር ትቆምና ትቆጥራለች፤ አንድ ዙር ቢዘል ትይዘዋለች። ጨው ከቤቷ ጠፋ። ሾርባው ውሃ መሰለ፣ ውሃው ደግሞ ሾርባ መሰለ። የደንበኞቿ ሸሚዝ ተከመረ። አንድ ጊዜ፣ «እኔ አንቺን ብሆን አንዲት ቁራሽ ዳቦ አሾልክለት ነበር» ብዬ ብተነኩሳት፣ «አስቤው ነበር» አለችኝ በቁም ነገር። «ግን ይጣፍጠዋል፣ ከዚያ ዐይኑን አያለሁ።»

የሚዛኑ ቀን ሦስታችንም ሄድን። ልጅቱ ትምህርት ቤት ናት። አሞራው ፀጉሩንም ጢሙንም ተላጭቶ፣ ስስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከሴት ልጁ የተዋሰውን የሸራ ጫማ ተረከዙን ረግጦ ተጫምቶ ነበር። «የተነቀለ ጥርስ ቢኖርህ ኖሮ አንድ ግራም ይቀንስልህ ነበር» አልኩት፤ አልሳቀም። የድርጅቱ ክሊኒክ በር ላይ ሚስቱና እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እሷ የቀሚሷን ጫፍ እንደሚተኮስ ልብስ በመዳፏ ታቃናለች። ምን እየለመነች እንደነበር አልጠየቅኳትም። ራሷም የምታውቅ አይመስለኝም።

በሩ ተከፈተ። ፊቱ እንደ ግድግዳ ነው።

«ስንት?» አልኩ።

«ዘጠና ዘጠኝ ከስድስት መቶ ግራም።»

ኃላፊዋ ወረቀቷን ይዛ ከኋላው ወጣች። «እውነቱን ልናገር፣ አልጠበቅኩም ነበር» አለችና እጁን ጨበጠችው። «አሁን ግን ቁርስዎን ይብሉ፣ ሊወድቁ ነው። በየወሩ እመዝንዎታለሁ።»

እኔ ዘለልኩ። አሞራው ግድግዳ ተደግፎ ዐይኑን ጨፈነ። ሚስቱ ተነሳች፣ የሸሚዙን ኮሌታ አቃናችለት፣ «እንኳን ደስ ያለህ» አለችው። ድምፁ ለደንበኛ ልብስ ስታስረክብ የምታወጣው ድምፅ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አዲሱ ክሬን ሥር ቆመን ነበር። እኔ ለሥራ ቦታው የታዘዘ ሽቦ ይዤ ነው የሄድኩት፤ ሽቦው ከሰዓት በኋላ ቢደርስም ችግር አልነበረውም። ሰማንያ ሜትር ከታች ሲታይ አንገት ይሰብራል። አሞራው ቀበቶውን ታጠቀ፤ ኃላፊዋ መንጠቆውን አየችለት። መሰላሉን ያዘ። አንድ ወጣ፣ ሁለት ወጣ፣ ሦስተኛው ላይ ቆመ።

ሬዲዮው ተንጫጫ፤ ፎርማኑ «እንዴት ነው?» ይላል። አሞራው አልመለሰም። ወረደና ወደ አጥሩ፣ ወደ እኛ መጣ። ከንፈሩ ደርቋል።

«አሥራ አራት ወር እኮ ነው» አለ ዝቅ ብሎ፣ ለሷ ብቻ። «ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ሳስበው የኖርኩት እንዲህ ረጅም አልነበረም። ዛሬ ይቅርብኝ ይሆን? ታች ያለው ሥራም እኮ ሥራ ነው። ምሳም አንቺ ጋ...»

ያን ጊዜ እሷን አየኋት። ያን ሁሉ ወር በሆዷ የያዘችውን ነገር ሰውዬው በገዛ እጁ አምጥቶ ሰጣት። ዝም ብትል ይበቃ ነበር። ዝም አለችም፣ ትንሽ። የአጥሩን ሽቦ የያዙት ጣቶቿ ነጡ።

«በኔ አታሳብብ» አለችው በመጨረሻ። «ጉልበትህ ምን ሆነ? አሥር ዙር ደረጃ ስታስወጣው አልነበር? እኔ ጨው የሌለው ሾርባ አብሬህ የጠጣሁት አጥር ሥር ቆመህ እንድታለቅስብኝ ነው?»

«አላለቀስኩም።»

«ልታለቅስ ነው። ውጣ!»

ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ዞሮ ሄደ። ሦስተኛውን አለፈ፣ አሥረኛውን አለፈ። መሰላሉ በየስድስት ሜትሩ ማረፊያ አለው፤ በየማረፊያው ቆሞ ይተነፍሳል፣ እሷም ያን ጊዜ ትተነፍሳለች። ከአራተኛው ማረፊያ በኋላ ፊቱ አይለይም፣ ከስምንተኛው በኋላ ሄልሜቱ ብቻ ቀረ። የካቢኑ በር ሲዘጋ ድምፁ ዘግይቶ ደረሰን።

ፎርማኑ ሳቅ እያለ መጣ። «እትዬ፣ እንግዲህ ገመድ እናዘጋጅልዎት፤ እንደ ድሮው ምሳ ያመጣሉ።»

«ገመድ አያስፈልግም። ይወርዳል።»

«ክሬን ነጂ ለምሳ አይወርድም እኮ።»

«ይሄኛው ይወርዳል። ጠይቄው አይደለም፣ ነግሬው ነው። ሁለቴ መውጣት ለክብደቱም ይበጃል፤ ሴትዮዋን ጠይቅ።»

ፎርማኑ ወደ ኃላፊዋ ዞረ። ኃላፊዋ ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ምን እንደጻፈች ባላይም አልተቃወመችም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን እኔ የሽቦውን ደረሰኝ ለማስፈረም ተመለስኩ። ሚስቱ አጥሩ ሥር በተጋደመ ጣውላ ላይ ጨርቅ ዘርግታ ተቀምጣለች፤ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሾርባ፣ ትንሽ ሩዝ። ወደ ላይ አላየችም። እኔ ግን አየሁ፤ አሞራው ቀስ እያለ፣ በየማረፊያው እየቆመ ይወርዳል። መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ትንፋሹ እስኪመለስ መናገር አልቻለም፣ እሷም አልቸኮለችበትም። ቀጥሎ አፉ ተከፈተ፤ ስለ ነፋሱ፣ ስለ መሪው፣ ከላይ ስለሚታየው የመበለቲቱ በረንዳ፣ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አወራ።

ፎርማኑ ሰዓቱን አየ። ለመውረድ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ለመውጣት ሃያ አምስት፤ ለመብላት የሚቀረው ጊዜ ሂሳቡ አልመጣለትም። ሊናገር አፉን ሲከፍት ሚስቱ አንድ እንቁላል ልጣ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።